ጨረር ባለበት ማን ይግባ?

በኒውክሌር ማመንጫ ላይ አደጋ ሲደርስ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «ማን ይግባ?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ጃፓንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥና እሱን ተከትሎ የመጣው የባሕር ማዕበል የፉኩሺማ ዳይቺን ማመንጫ መብራት አጠፋው። መብራቱ ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ቆመ። በ1ኛው ሪአክተር ውስጥ ግፊቱ እየናረ ሄደ። እንፋሎቱን ለማስተንፈስ የሚያገለግሉት ቫልቮች ያለ ኤሌክትሪክና ያለ ታመቀ አየር አይከፈቱም፤ ስለዚህ ሰው በጨለማ ገብቶ በእጁ ማዞር ግድ ሆነበት።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሁለት ሰው ያለባቸው ሦስት ቡድኖች ተዘጋጁ። ወጣት ሠራተኞች እንዲቀሩ ተደረገ፤ የተመረጡት ኃላፊዎቹ ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ገብተው አንዱን ቫልቭ ሩብ ያህል ከፈቱት። ተከታዮቹ ግን ጨረሩ ስለበረታባቸው ሥራውን ሳይፈጽሙ ተመለሱ። በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ የሕንፃው የላይኛው ክፍል በሃይድሮጂን ፍንዳታ ፈረሰ።

ጃፓን በሮቦት ሥራ ስሟ የገነነ አገር መሆኗ ይታወቃል። የሆንዳ ኩባንያ በ2000 ያስተዋወቀው አሲሞ በሁለት እግሩ ይራመድ፣ ደረጃም ይወጣ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ጥበብ በዚያች ቀን የት ነበር? ብዙ ጃፓናውያን ይህንኑ ጠይቀዋል። መልሱ አጭር ነው፤ አሲሞ የተሠራው ለተስተካከለ ወለል እንጂ ለፍርስራሽና ለጨረር አልነበረም። ሚያዝያ ላይ ወደ ሪአክተሩ ሕንፃዎች የገቡት ፓክቦት የተባሉ፣ ከአሜሪካ የመጡና እንደ ታንክ በሰንሰለት የሚሄዱ ትናንሽ መሣሪያዎች ነበሩ። ቆይቶ ኩዊንስ የተባለው የጃፓን ሮቦት ተከተለ፤ እሱም በጥቅምት የመገናኛ ገመዱ ተበጥሶ በ2ኛው ሕንፃ ውስጥ ቀረ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1986 በቼርኖቢል ጣራ ላይ የተበተነውን ግራፋይት እንዲጠርግ ከጀርመን የመጣው ሮቦት ብዙ ሳይቆይ ከጥቅም ውጭ ሆነ። ሶቪየት ኅብረት ያላት አማራጭ ወታደሮቿን መላክ ሆነ፤ ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች በየተራ እየወጡ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ አካፋ ይዘው ሠርተው ይወርዱ ነበር። «ባዮሮቦት» ተባሉ። ሰውን በማሽን ስም መጥራት ምን ያህል እንደሚከብድ አንባቢያችን ይፍረድ።

ከፉኩሺማ በኋላ ዳርፓ የተባለው የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር መሥሪያ ቤት የሮቦት ውድድር አዘጋጀ። (ገንዘቡ ከጦር ቤት መውጣቱን ልብ ይሏል።) መሪው ጊል ፕራት የውድድሩን ሐሳብ ያገኙት ከላይ ከጠቀስናቸው ሠራተኞች ታሪክ ነበር። ሐሳቡም እንዲህ ነው። ደረጃው፣ የበሩ እጀታ፣ የቫልቩ መዘውር፣ መሰላሉ ሁሉ የተሠራው ለሰው ቁመትና ለሰው እጅ ነው። አደጋ የደረሰበትን ሕንፃ እንደገና መሥራት አይቻልም፤ የሰው ቅርጽ ያለው ማሽን ግን በዚያው በር ይገባል፣ የሰውን መሣሪያም ያነሳል።

የመጨረሻው ውድድር በሰኔ 2015 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፖሞና ላይ ተካሄደ። መኪና መንዳት፣ ከመኪናው መውረድ፣ በር መክፈት፣ ቫልቭ ማዞር፣ ግድግዳ መቅደድ፣ ፍርስራሽ መሻገር፣ ደረጃ መውጣት፤ በድምሩ 8 ሥራ በአንድ ሰዓት ውስጥ። ግንኙነቱም ሆን ተብሎ ይቆራረጥ ነበር፤ በእውነተኛ አደጋ ጊዜ እንደዚያው ነውና። ተመልካች ያየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ውድቀት ነበር። አንዱ በር ሲከፍት በጀርባው ወደቀ፣ ሌላው ከመኪና ሲወርድ ተዘረረ። ለተማሪዎቻችን ይህን ስንነግራቸው ይስቃሉ፤ በሁለት እግር መቆም ምን ያህል ረቂቅ ነገር እንደሆነ ግን የሚገባቸው ከሳቁ በኋላ ነው።

ያሸነፈው የደቡብ ኮሪያው የካይስት ተቋም ሁቦ ነው። 8ቱንም ሥራ በ44 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ ጨርሶ 2 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ብልሃቱ ምን ነበር? እግር ቢኖረውም መራመድ በማያስፈልግበት ቦታ ተንበርክኮ በጉልበቱ ላይ ባሉት ጎማዎች ይንከባለላል። በእኛ አስተያየት ከውድድሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። ሰውን መምሰል ግብ መሆን የለበትም፤ እጀታውን የሚይዝ እጅና የማይወድቅ አካል ከተገኘ ይበቃል።

ጨረሩ ደግሞ ለማሽንም አይራራም። በየካቲት 2017 በፉኩሺማ 2ኛው ሪአክተር ውስጥ ለጽዳት የገባ ሮቦት ካሜራው በጨረር እየደከመ ስለሄደ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ሥራውን ሳይጨርስ ተመለሰ። በዚያው ወር «ጊንጥ» የሚል ቅጽል የተሰጠው ሌላ ሮቦት በመንገድ ተቀርቅሮ ቀርቷል።

ከቀለጠው ነዳጅ ናሙና ተወስዶ የወጣው በኅዳር 2024 ነው። ያወጣውም የሚራመድ ሮቦት ሳይሆን እንደ ዓሣ ማጥመጃ ዘንግ የሚረዝም፣ ጫፉ ላይ መቆንጠጫ ያለው፣ ከሩቅ የሚታዘዝ መሣሪያ ነበር። የወጣው ቅንጣት 0.7 ግራም አይሞላም። በሦስቱ ሪአክተሮች ውስጥ አለ ተብሎ የሚገመተው 880 ቶን ያህል ነው።