ማዘዝ የማይችል፣ ማሰናበት ግን የሚችል

እስቲ ይህን ስሙኝ። በአሜሪካ ካሉት የፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶች ትልቁ የሳውዘርን ባፕቲስት ኮንቬንሽን ነው፤ ወደ 47 ሺህ የሚጠጉ አጥቢያዎች አብረውት ይሠራሉ። ከነዚህ ሁሉ አጥቢያዎች ግን የአንዷን እንኳ መጋቢ መሾምም ሆነ መሻር አይችልም። መባውን የምትቆጥረው፣ በጀቱን የምታጸድቀው፣ አገልጋይ የምትቀጥረው አጥቢያዋ ራሷ ናት። ናሽቪል ከተማ ያለው የኮንቬንሽኑ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ «ከእንግዲህ እንዲህ አድርጉ» ብሎ ቢጽፍላት፣ ደብዳቤውን አንብባ መሳቢያ ውስጥ ብትከተው የሚከሳት የለም። ያም ሆኖ ይኸው ኮንቬንሽን በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከአገሪቱ ግዙፍ አጥቢያዎች አንዷን በድምፅ ብልጫ አሰናብቷል። ማዘዝ ያልቻለ አካል ማሰናበት እንዴት ቻለ? የባፕቲስቶች አባልነት የሚገባን ይህን ስንፈታ ነው።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ስንል ከላይ ወደ ታች ማሰብ ለምደናል። ፓትርያርክ አለ፣ ሲኖዶስ አለ፣ ሀገረ ስብከት አለ፤ ካህኑ ተመድቦ ይመጣል፣ ተዛውሮ ይሄዳል። ባፕቲስቶች የጀመሩት ከሌላው ጫፍ ነው። በ1609 አምስተርዳም ውስጥ በስደት የነበሩ ጥቂት እንግሊዛውያን፣ በጆን ስሚዝና በቶማስ ሄልዊስ መሪነት፣ ቤተ ክርስቲያን አምነው የተጠመቁ ሰዎች ስብስብ ብቻ ናት ብለው ተነሡ። ይህ እምነት የሚያስከትለው ነገር ከባድ ነው። አማኞች በአንድ ስፍራ ከተሰበሰቡና መሪያቸው ክርስቶስ ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያንነታቸው ሙሉ ነው። ሙሉ ለመሆን ከበላያቸው ጳጳስም ሆነ ጉባኤ አያስፈልጋቸውም።

ሙሉ መሆን ግን አቅም አይሆንም። ሠላሳ አባላት ያሏት አጥቢያ ኮሌጅ ከፍታ መጋቢ አታሠለጥንም፤ ባሕር አሻግራ ወንጌላዊ አትልክም፤ ለሁለት ተከፍላ ስትጣላም ገላጋይ የላትም። ስለዚህ መቀራረብ ተጀመረ። በ1707 አምስት አጥቢያዎች የፊላደልፊያ ባፕቲስት ማኅበርን መሠረቱ፤ በአሜሪካ ባፕቲስቶች ዘንድ ከሁሉ ቀደምት የሆነው እሱ ነው። ጥያቄው አልዘገየም፦ ይህ ማኅበር በአባሎቹ ላይ ምን ሥልጣን አለው? በ1749 መልሱን የጻፈው ቤንጃሚን ግሪፍት የሚባል መጋቢ ነው። ማኅበሩ ከአጥቢያዎች በላይ የተቀመጠ ፍርድ ቤት አይደለም አለ። ሆኖም አንዲት አጥቢያ በትምህርት ወይም በኑሮ ስታፈነግጥ፣ ማኅበሩ «ከእንግዲህ ከዚህች ጋር አይደለንም» ብሎ እጁን መሰብሰብ ይችላል። በፈቃድ የተገባበት ነገር ነዋ፤ ፈቃዱ ደግሞ የሁለቱም ወገን ነው።

እድርን አስቡት። እድር ቤታችሁ ገብቶ ልጃችሁ ማንን ታግባ አይልም፤ የቤታችሁ ካርታም እሱ ዘንድ የለም። መዋጮ ካቋረጣችሁ ወይም ደንብ ከጣሳችሁ ግን ስማችሁን ከመዝገብ ይሰርዘዋል። ቤታችሁ ያው ቤታችሁ ነው። ግሪፍት ከ270 ዓመት በፊት የጻፈው ከዚህ ብዙም አይርቅም፤ ዛሬም የሚሠራበት እሱ ነው።

አሁን አንዲት አጥቢያ ወደ ሳውዘርን ባፕቲስቶች መግባት ፈለገች እንበል። የመጀመሪያው ውሳኔ የራሷ ነው። የአባላት ስብሰባ ተጠርቶ፣ ጉዳዩ ቀርቦ፣ ድምፅ ይሰጥበታል። መጋቢው የፈለገውን ያህል ቢወደድ ጉዳዩን ለአባላቱ ማቅረብ አለበት። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው በስህተት ይረዳዋል። የአካባቢ ማኅበር፣ የስቴት ኮንቬንሽንና አገር አቀፍ ኮንቬንሽን ሲባል ከታች ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ይመስላል። መሰላል ግን አይደለም። ሦስቱም ለየራሳቸው የቆሙ ናቸው። የአካባቢው ማኅበር ለስቴቱ ተጠሪ አይደለም፣ ስቴቱም ለናሽቪል። አንዱ ዘንድ መግባት ሌላው ዘንድ አያስገባም፤ ከአንዱ መሰናበትም በራሱ ከሌላው አያሰናብትም። ቴክሳስ ውስጥ እንዲያውም በ1998 በተከሰተ መከፋፈል ሁለት የስቴት ኮንቬንሽኖች ጎን ለጎን አሉ። አጥቢያዋ የወደደችውን ትመርጣለች።

ፊት ለፊት የሚፈትናት አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ማኅበር ነው። ማመልከቻ ትጽፋለች፤ መተዳደሪያ ደንቧንና የእምነት መግለጫዋን ታያይዛለች። ኮሚቴ መጥቶ ከመጋቢውና ከዲያቆናቱ ጋር ይቀመጣል። የምታጠምቁት ማንን ነው? እንዴት አድርጋችሁ? የጌታን እራት ለማን ትሰጣላችሁ? ከዚህ በፊት ከማን ጋር ነበራችሁ፣ ለምንስ ወጣችሁ? (ከሁሉ ጥያቄ ብዙ የምትገልጠው ይህች የመጨረሻዋ ትመስለኛለች።) በአንዳንድ ማኅበራት አመልካቿ አጥቢያ ለጊዜው በእንክብካቤ ሥር ትቆያለች፤ ሙሉ አባልነቱ ሲተዋወቁ ይመጣል። በመጨረሻ በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ድምፅ ይሰጣል፤ በቆየው ልማድ ሰብሳቢው በሁሉ ፊት ለአጥቢያዋ ተወካዮች ቀኝ እጁን ይዘረጋላቸዋል። ልማዱ የተቀዳው ሐዋርያት ለጳውሎስና ለበርናባስ ቀኝ እጃቸውን ከሰጡበት ከገላትያ መልእክት ነው።

አገር አቀፉ ዘንድ ስንደርስ እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት የለም። የኮንቬንሽኑ መተዳደሪያ ደንብ ሦስተኛው አንቀጽ «በወዳጅነት የምትተባበር» አጥቢያ ማን እንደሆነች ይዘረዝራል፤ መስፈርቱን ያሟላች ገባች ማለት ነው። እምነቷና አሠራሯ ኮንቬንሽኑ ከተቀበለው የእምነት መግለጫ ጋር በቅርብ የሚመሳሰል መሆን አለበት። ይህ መግለጫ በ1925 ጸድቆ በ1963 እና በ2000 የተሻሻለው ነው። ለመተባበር መወሰኗንም በይፋ ማሳወቅ አለባት። ባለፈው የበጀት ዓመት ደግሞ ለኮንቬንሽኑ ሥራ ገንዘብ ያዋጣች መሆን ይኖርባታል።

«በቅርብ» የምትለዋን ቃል አትለፏት፤ ጠቡ ሁሉ የሚነሣው እሷ ላይ ነው። ግን በመጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። «እምነትን በዶላር?» ብላችሁ ቅር ሊላችሁ ይችላል። እኔ ግን ከመስፈርቶቹ ሁሉ ግልጹ እሱ ይመስለኛል፤ የመጡት አብረው ለመሥራት ከሆነ፣ አብሮ መሥራት የሚታየው እዚያ ነው። በ1925 በተዘረጋው የጋራ መዋጮ ሥርዓት መሠረት አጥቢያዋ ከመባዋ ራሷ የወሰነችውን ያህል በመቶ ለስቴት ኮንቬንሽኗ ትልካለች። ስቴቱ ከፊሉን ለራሱ ሥራ አስቀርቶ የቀረውን ወደ ናሽቪል ያስተላልፋል። እዚያ ከደረሰው ግማሽ ያህሉ ለውጭ አገር ተልእኮ ቦርድ ይሄዳል፤ ከቀረው የሚበዛው ለአገር ውስጥ ተልእኮና ለስድስቱ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ነው። ይህን ያህል ትላኪያለሽ የሚላት የለም።

ያዋጣች አጥቢያ በየዓመቱ ጁን ላይ ወደሚደረገው ጉባኤ መልእክተኞች ትልካለች። መነሻው ሁለት ሰው ነው። ከዚያ በላይ ከመባዋ ለሰጠችው ለእያንዳንዱ ሙሉ አንድ በመቶ፣ ወይም ለእያንዳንዱ 6,000 ዶላር፣ አንድ ሰው ይጨመርላታል፤ ጣሪያው 12 ነው። አንድ በመቶ ተብሎ መቀመጡ ብልህነት ነው፤ ድሃዋ የገጠር አጥቢያ ከመባዋ አሥር በመቶ ብትሰጥ ከሚሊየነሯ የከተማ አጥቢያ እኩል 12 ሰው ታስቀምጣለች። መልእክተኞቹ ድምፅ የሚሰጡት እንደ ኅሊናቸው ነው። ጉባኤው የወሰነውም አጥቢያዋን አያስራትም።

አሁን ወደ 2023 እንመለስ። የተሰናበተችው ሳድልባክ ናት፤ ሪክ ዋረን በ1980 ካሊፎርኒያ ውስጥ የመሠረታት። በ2021 ሦስት ሴቶችን ለመጋቢነት ሾመች። የ2000ው የእምነት መግለጫ ደግሞ የመጋቢነት ሹመት ለወንዶች ብቻ ነው ይላል። በፌብሩዋሪ 2023 ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ሳድልባክ በወዳጅነት ትብብር ውስጥ አይደለችም ብሎ ወሰነ። ይግባኟ ጁን ላይ ኒው ኦርሊንስ ለተሰበሰቡት መልእክተኞች ቀረበ። ዋረን ራሱ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ተከራከረ፤ የተሰጠው ሦስት ደቂቃ ነበር። (የአርባ ዓመት ዝምድና በሦስት ደቂቃ! እኔ ብሆን ግማሽ ሰዓት እሰጠው ነበር።) ቆጠራው መሰናበቷን የደገፉ 9,437፣ የተቃወሙ 1,212 ሆነ። በዚያው ጉባኤ ኬንታኪ ያለችው ፈርን ክሪክም ይግባኟ ወድቆባታል፤ ትንሽ አጥቢያ ናት፣ ለሠላሳ ዓመት ያህል የመራቻትም ሴት መጋቢ ነበረች።

ከዚያ በኋላስ? የሳድልባክ ሕንጻ አልተነካም፣ መጋቢዋ አልተነሣም፣ አባላቷ አልተበተኑም። የቀረባት መልእክተኛ መላክ ነው። ኮንቬንሽኑ በእጁ ያለው ይህች ብቻ ናት፤ ለዚህም ነው ክርክሩ ሁሉ የሚጦዘው መስፈርቱ ላይ። በዚያው ዓመት ሴት መጋቢ ያላትን አጥቢያ በግልጽ የሚያስወጣ ማሻሻያ ደንቡ ውስጥ ይግባ ተባለና የመጀመሪያውን ድምፅ አለፈ። ደንብ ለመቀየር ግን በሁለት ተከታታይ ዓመት ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በ2024 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ያገኘው 61 በመቶ ገደማ ስለነበር ወደቀ። በ2025 ዳላስ ላይ ተመሳሳይ ሐሳብ ተነሥቶ ዳግም ሳይበቃው ቀረ። የብዙ ተቃዋሚዎች ጥያቄ «በቅርብ የምትለው ቃል ሳድልባክን ካሰናበተች ሌላ አጥር ምን ያደርጋል?» የሚል ነበር።

መስፈርቱ ሲጨመርበት ኖሯል። ኮንቬንሽኑ ራሱ በ1845 ኦጋስታ፣ ጆርጂያ ላይ የተወለደው የሰሜኑ ባፕቲስቶች ባሪያ አሳዳሪ ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ እንዳይላክ በመከልከላቸው የደቡቦቹ ተቆጥተው ሲወጡ ነው። ለዚያ ታሪክ በ1995 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በ2021 ደግሞ የዘር መድልዎን የምትደግፍ አጥቢያ፣ እንዲሁም በጾታዊ ጥቃት ጉዳይ ከኮንቬንሽኑ እምነት ውጪ የምትሄድ አጥቢያ ተባባሪ አትባልም የሚል በደንቡ ጻፈ። የመሠረቱት ሰዎች ዛሬ ቢያመለክቱ ላይቀበላቸው ይችላል።

እንግሊዝ ሌላ መንገድ ሄዳለች። የታላቋ ብሪታንያ ባፕቲስት ኅብረት የተጀመረው በ1813 ነው። በ1887 የዘመኑ ዝነኛ ሰባኪ ቻርልስ ስፐርጀን፣ አንዳንድ መጋቢዎች ከወንጌል እየሸሹ ነው፣ ኅብረቱም ግልጽ የእምነት መግለጫ የለውም ብሎ ጥሎት ወጣ። ያኔ ኅብረቱን ያስተሳሰረው ትምህርት አማኞችን በውኃ ማጥለቅ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ያለው የመርሕ መግለጫም ሦስት አጭር አንቀጽ ነው። ፍጹም ሥልጣን የክርስቶስ እንደሆነና እያንዳንዷ አጥቢያ ሕጉን በመንፈስ ቅዱስ ምሪት የመተርጎም ነፃነት እንዳላት፣ ጥምቀት ላመኑት በማጥለቅ እንደሆነ፣ ምስክርነትም የእያንዳንዱ ደቀ መዝሙር ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ይህን የተቀበለች አጥቢያ በአካባቢዋ የባፕቲስት ማኅበር በኩል ታመለክታለች። ሴት መጋቢዎች እዚያ ከመቶ ዓመት ገደማ ጀምሮ አሉ። የስፐርጀን አጥቢያ፣ ለንደን ያለችው ሜትሮፖሊታን ታበርናክል፣ በ1955 ወደ ኅብረቱ ተመልሳ በ1971 እንደገና ወጥታለች።

ይህ ሁሉ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን የሩቅ ወሬ አይደለም። ቴክሳስን በመሰሉ ስቴቶች ራሳቸውን ባፕቲስት ብለው የሚጠሩ የኢትዮጵያውያን አጥቢያዎች አሉ። ለአዲስ አጥቢያ ጥቅሙ ተጨባጭ ነው፤ ለአጥቢያ ተከላ የሚሰጥ ድጋፍ አለ፣ የመጋቢ ጡረታ ሥርዓት አለ፣ ልጆቿ በስድስቱ ትምህርት ቤቶች በቅናሽ ይማራሉ። ግን በስደት አገር አንድ አዳራሽ የሚከራየው ምእመን ከመካነ ኢየሱስ፣ ከሙሉ ወንጌል፣ ከቃለ ሕይወት የተሰባሰበ ነው። በልሳን መጸለይን በተመለከተ የ2000ው መግለጫ ምንም አይልም፤ የአካባቢው ማኅበር ግን ሊጠይቅ ይችላልና አስቀድሞ መነጋገሩ ይበጃል። ከባዱ ጥምቀቱ ነው። በመካነ ኢየሱስ በሕፃንነታቸው ተጠምቀው፣ ሃምሳ ዓመት በእምነት የኖሩ እናት የአባልነት መዝገብ ላይ ይጻፉ ወይስ እንደገና ወደ ውኃ ይውረዱ? መግለጫው ጥምቀትን ላመነ ሰው፣ በማጥለቅ ይላል፤ ለአባልነትም ቅድመ ሁኔታ ያደርገዋል። ማመልከቻው ከመሞላቱ በፊት የአባላት ስብሰባ ሊነጋገርበት የሚገባው ይህ ነው፣ እማማም ባሉበት።