የካሪክማክሮስ ዳንቴልና ገበያው

ካሪክማክሮስ በአየርላንድ፣ በሞናሃን አውራጃ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ስሟ ከአገሯ ወሰን አልፎ የታወቀው በሴቶቿ እጅ በሚሠራው ዳንቴል ነው። የእጅ ሙያ በምን እንደሚዳከምና በምን እንደሚድን ስለሚያስረዳ፣ ታሪኩን ለነጋዴ አንባብያን እናቀርባለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሙያውን በ1820 ገደማ ያስጀመሩት የአንድ ቄስ ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ ግሬይ ፖርተር ናቸው፤ መነሻ የሆናቸውም የኢጣልያ ዳንቴል ነበር። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በወረቀት ላይ በተነደፈው ሥዕል ላይ የመረብ ጨርቅ፣ በመረቡም ላይ ሙስሊን የተባለው ስስ ጨርቅ ይነጠፋል። ሠራተኛዋ በሥዕሉ ዳር ዳር ወፈር ያለ ክር አስይዛ በቀጭን ክር ትሰፋዋለች። ከዚያም ትርፉን ሙስሊን በመቀስ ቆርጣ ታነሣለች። መቀሱ ከሥር ያለውን መረብ የነካ እንደሆነ የብዙ ጊዜ ድካም ይበላሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። መረቡ የፋብሪካ ሥራ ነው። ስለዚህ ሙያው የተስፋፋው የፋብሪካን ዕቃ ገዝቶ በእጅ ጥበብ ዋጋውን በማሳደግ ነው።

በ1845 ድንቹን በሽታ መትቶት ታላቁ ረሃብ በገባ ጊዜ፣ የባዝ ርስት አስተዳዳሪ የነበሩት ትሪስትራም ኬኔዲ ችግረኞች ልጃገረዶች ዳንቴል እየሠሩ ገቢ እንዲያገኙ ትምህርቱን አስፋፉ። ነገር ግን በርኅራኄ የሚገዛ ደንበኛ፣ ርኅራኄው ሲበርድ ይቀራል። ችግሩ ካለፈ በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ፤ ርካሹ የፋብሪካ ዳንቴልም ተጨመረበት። ወደ መጥፋት የተቃረበውን ሙያ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የቅዱስ ሉዊስ መነኮሳት እንደገና አነሡት። በ1984 ደግሞ የዳንቴል ሠሪዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ተቋቋመ።

በ2011 የእንግሊዙ ልዑል ዊልያም ሲያገቡ፣ በሙሽራይቱ ቀሚስ ላይ የዋለው ዳንቴል የካሪክማክሮስን አሠራር የተከተለ መሆኑ ተገለጸ። የከተማይቱ ስም በዓለም ተሰማ፤ ዳንቴሉን በቀሚሱ ላይ ያኖሩት ግን በእንግሊዝ የሚገኘው የንጉሣዊው የጥልፍ ትምህርት ቤት ሠራተኞች ነበሩ።

እንግዲህ ስም ብቻውን ትእዛዝ አያመጣም። ልዩ ዕቃ ያለው አገር ሙያተኛውን ማስተማር፣ በዕቃው ላይ የተሠራበትን ስፍራ ምልክት ማኖርና ገዢውን በጥራት መያዝ አለበት። ይህንንም የሚፈጽመው ከሠሪው ጋራ የተባበረ ነጋዴ ነው።