«ቴብል» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል



እንግሊዝኛ መማር የጀመረ ሕፃን አስቀድሞ ከሚያጠናቸው ቃላት አንዱ «ቴብል» ነው። ትርጕሙ ጠረጴዛ ነው ተብሎ ይነገረዋል፤ እርሱም ይህንኑ ይዞ ያድጋል። ዘመኑ ደርሶ በመሥሪያ ቤት ተቀምጦ ከውጭ አገር የመጣ ደብዳቤ በሚያነብበት ጊዜ ግን፥ ይህ ቀላል መስሎ የታየው ቃል ሊያሳስተው ይችላል።

የቃሉ ምንጭ በላቲን «ታቡላ» የተባለው ነው፤ ይኸውም ሳንቃ ወይም የሚጻፍበት ሰሌዳ ማለት ነው። ሳንቃው እግር ሲተከልለት የምንበላበትና የምንጽፍበት ጠረጴዛ ሆነ። ሰሌዳው ደግሞ በተራ ለተደረደረ ቍጥርና ጽሑፍ መጠሪያ ሆነ። ስለዚህም የማባዣ ሰንጠረዥ «ቴብል» ይባላል፤ ባቡር የሚነሣበትና የሚደርስበት ሰዓት የተመለከተበት ዝርዝር «ታይም ቴብል» ይባላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1611 ዓ.ም. በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም፥ ሙሴ ከሲና ተራራ ይዞ የወረደው ጽላት በዚሁ ቃል ተጽፎአል። በሕፃንነቱ ባጠናው ትርጕም ብቻ የሚተማመን ሰው ይህን ቢተረጕም፥ ሙሴን የድንጋይ ጠረጴዛ ያሸክመዋል።

ከመሬት በታች ውሃ የሚገኝበት ወለል «ዋተር ቴብል» ይባላል። በደቡብ አፍሪካ ከኬፕ ታውን ከተማ በላይ የሚታየው ራሱ ደልዳላ የሆነ ተራራም «ቴብል ማውንቴን» ነው፤ የእኛ አገር ሰው ቢያየው አምባ ይለው ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ቃሉ ግሥ በሚሆንበት ጊዜ ነው። በእንግሊዝ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት፥ በመንግሥቱ ወገንና በተቃዋሚዎቹ መካከል አንድ ትልቅ ጠረጴዛ አለ። አንድን ሐሳብ በዚያ ላይ ማኖር ለምክር ማቅረብ ነው። ስለዚህ እንግሊዛዊው ጉዳዩን «ቴብል» እናድርገው ሲል፥ እንወያይበት ማለቱ ነው። በአሜሪካ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የጦር ሠራዊት መሐንዲስ የነበሩት ሄንሪ ሮበርት በ1876 ዓ.ም. ባሳተሙት የስብሰባ ሥርዓት መጽሐፍ እንደተመለከተው፥ ሐሳብን በጠረጴዛ ላይ ማኖር ማለት ለጊዜው ወደ ጎን መተው ነው። በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤትማ እንዲህ የተደረገ ሐሳብ ያለ ክርክር እንደ ወደቀ ይቈጠራል። በለንደን ጉዳይን የሚቀሰቅስ ቃል በዋሽንግተን ያስተኛዋል ማለት ነው።

ይህ ልዩነት በቀላል ጊዜ ብቻ የታየ አይደለም። በ1941 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ ጃፓን ፐርል ሐርበርን ከመታች ከጥቂት ሳምንት በኋላ፥ የእንግሊዝና የአሜሪካ የጦር አዛዦች በዋሽንግተን ተሰብስበው ነበር። የእንግሊዝ መኮንኖች አንድ አስቸኳይ ጽሑፍ አዘጋጅተው «ቴብል» እናድርገው አሉ። አሜሪካኖቹ ይህን የሰሙት በመሳቢያ ውስጥ ተከቶ ይረሳ እንደ ማለት ነበርና አይሆንም አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊንስተን ቸርችል ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጻፉት ታሪክ እንደሚተርኩት፥ ሁለቱ ወገኖች የሚፈልጉት አንድ ነገር መሆኑን እስኪረዱ ድረስ ረጅምና መራራ ክርክር ተከራክረዋል። እነዚህ ሰዎች ሁሉ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ታዲያ ምን ማድረግ ይገባል? መጀመሪያ፥ ጽሑፉ ከማን እንደ መጣ ማየት ነው። ቀጥሎም፥ ከቃሉ አጠገብ ያሉትን ቃላት መመልከት ነው፤ በጠረጴዛ «ላይ» ያለ ሐሳብ በሁለቱም አገሮች ገና ያልተዘጋ ሐሳብ ነው፤ ከጠረጴዛ «ሥር» የተሰጠ ገንዘብ ግን ጉቦ ነው። ከልዩ ልዩ አገሮች ለመጡ ሰዎች የምንጽፍ እንደ ሆነም፥ ይህን ግሥ ትቶ እናቀርባለን ወይም እናዘገያለን የሚለውን በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

በእኛም ቋንቋ ቢሆን ሰው ገመድ ይቈርጣል፤ ቀን ይቈርጣል፤ ትኬት ይቈርጣል፤ ተስፋም ይቈርጣል። ይህን ሁሉ በአንድ ቢላዋ የሚሠራ የሚመስለው እንግዳ ቢኖር እንስቅበታለን። ደግሞም ለባለጉዳይ «ማመልከቻዎ ከጠረጴዛዬ ላይ ነው» ብለን መልስ የሰጠን እንደ ሆነ፥ እየታየ ነው ማለታችን ይሁን ወይም ተኝቶአል ማለታችን በምን ያውቃል? የሚፈጸምበትን ቀን ጨምረን ብንነግረው ግን ትርጕሙን ሳይጠራጠር ወደ ቤቱ ይሄዳል።