ያረጀው ብረት የከበረበት ገበያ

መኪና ከፋብሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ የሚሄድ ዕቃ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዛሬ አዲስ የነበረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሮጌ ይባላል፤ ቀጥሎ መለዋወጫው ተፈትቶ ይሸጣል፤ በመጨረሻም ብረቱ ወደ ማቅለጫ ይገባል። በአሜሪካ አገር ግን ከዚህ ልማድ ውጭ የሆነ አንድ ዓይነት መኪና አለ። ይኸውም አሜሪካኖች «መስል ካር» የሚሉት፣ እኛም በአማርኛ «ባለጡንቻ መኪና» ብንለው የሚስማማው ነው። ከ1964 ጀምሮ ለዐሥር ዓመት ያህል የተሠራው ይህ መኪና ሲያረጅ የሚከብር፣ ሲከብርም ለገዢውና ለሻጩ ፈተና የሚያመጣ ሆኖአል። ስለዚህ ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለ ገበያው ጥቂት ልንናገር አስበናል። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

መነሻውና መድረሻው

ባለጡንቻ መኪና ማለት መካከለኛ መጠን ያለው፣ ለቤተሰብ የተሠራ መኪና ሆኖ ለትልቅ መኪና የተዘጋጀው ከባድ ሞተር የተገጠመበት ነው። የዚህ ዓይነቱ መጀመሪያ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በ1964 የወጣው ፖንቲያክ ጂ.ቲ.ኦ. ነው። በዚያን ጊዜ የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በመካከለኛ መኪናዎቹ ውስጥ ከ330 ኩብ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ጆን ዲሎሪያን የተባለው የፖንቲያክ መሐንዲስና ባልደረቦቹ ግን ደንበኛው በተጨማሪ ገንዘብ የሚያዘው ዕቃ በክልከላው ውስጥ አለመጠቀሱን አስተዋሉ። ስለዚህ 389 ኩብ ኢንች የሆነውን ሞተር «ተጨማሪ ዕቃ» ብለው በ295 ዶላር ገደማ አቀረቡት። በመጀመሪያው ዓመት 32,450 መኪናዎች ተሸጡ።

ሌሎቹም ፋብሪካዎች ዝም ብለው አልተመለከቱም። የክራይስለር ኩባንያ «ሄሚ» የተባለውን 426 ኩብ ኢንች ሞተር በ1966 ለመንገድ መኪና አቀረበ። በ1968 ደግሞ ገንዘብ ላነሳቸው ወጣቶች ፕሊመዝ ሮድ ራነርን ከ3,000 ዶላር በታች በሆነ ዋጋ አወጣ። የሸቭሮሌ ፋብሪካ በ1970 በሸቨል መኪናው ውስጥ 454 ኩብ ኢንች ሞተር አግብቶ ኃይሉን እስከ 450 የፈረስ ጉልበት አደረሰው።

ዳሩ ግን ዘመኑ አጭር ነበር። የመድን ድርጅቶች በእነዚህ መኪናዎች ላይ የሚያስከፍሉትን ገንዘብ አበዙ። በ1970 ስለ አየር ንጽሕና ጥብቅ ሕግ ወጣ። በ1971 ጄኔራል ሞተርስ እርሳስ ባነሰበት ቤንዚን ይሠሩ ዘንድ የሞተሮቹን ኃይል ዝቅ አደረገ። በጥቅምት ወር 1973 የዐረብ አገሮች ነዳጅ ለአሜሪካ እንዳይሸጥ በከለከሉ ጊዜ ደግሞ ቤንዚን በብዛት የሚጠጣ መኪና ፈላጊ አጣ።

ከዚህ በኋላ መኪናዎቹ በርካሽ ዋጋ በወጣቶች እጅ ገቡ። ወጣቶቹም ተሽቀዳደሙባቸው፤ ሞተሩ ሲበላሽ ከሌላ መኪና የተፈታ ሞተር ገጠሙባቸው፤ በብርድ አገር በበረዶ ላይ የሚበተነው ጨው ላሜራቸውን በላው። ስለዚህ ከፋብሪካ እንደ ወጣ፣ ከነሞተሩና ከነካምቢዮው የቆየ መኪና ጥቂት ሆነ። ጥቂት የሆነ ነገር ደግሞ ይወደዳል።

የ1970 ፕሊመዝ ሱፐርበርድ ለዚህ መልካም ምሳሌ ነው። ለእሽቅድምድም ተብሎ አፍንጫው ረዝሞ፣ በስተኋላውም ከፍ ያለ ክንፍ ተተክሎበት ከ1,900 በላይ ተሠራ። መልኩ ለገዢው እንግዳ ስለ ሆነበት ግን ብዙው ሳይሸጥ ቆመ፤ አንዳንድ ነጋዴዎችም ክንፉንና አፍንጫውን አንሥተው እንደ ተራ መኪና ሸጡት። ዛሬ መኪናውን የሚያስከብረው ያ የተናቀው ክንፍ ነው።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በዚህ ገበያ ገዢው ገንዘብ የሚከፍለው ለብረቱ ብቻ ሳይሆን ለእውነቱ ነው። ኮፈኑ፣ ምልክቱ፣ ወንበሩ፣ ሞተሩም ሳይቀር እየተገዛ ሊገጠም ስለሚችል፣ አንድ ተራ መኪና በጥቂት ወራት ሥራ ታዋቂውን ይመስላል። ባለቤቱ «አስመስዬ የሠራሁት ነው» ብሎ ቢሸጠው ነውር የለበትም፤ የሚፈልገውም ሰው አለ። «ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ የወጣ ነው» ብሎ ቢሸጠው ግን ማታለል ነው። ሁለት መኪናዎች ለዓይን አንድ ሆነው ሳሉ ዋጋቸው በብዙ እጥፍ የሚለያየው ስለዚህ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ ጠንቃቃ ገዢ አስቀድሞ የሻንሲ ቁጥሩን ያነብባል። ከ1968 ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ይህ ቁጥር በፊት መስታወቱ በኩል ይታያል። ባለ 17 ምልክት የሆነው የዛሬው ቁጥር የተደነገገው በ1981 ስለ ሆነ፣ የእነዚህ መኪናዎች ቁጥር ከዚያ ያጠረ ነው፤ አነባበቡም እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ከ1966 እስከ 1971 የተሠራ ጂ.ቲ.ኦ. ቁጥሩ በ242 ይጀምራል። የ1964ና የ1965ቱ ግን «ተጨማሪ ዕቃ» የተገጠመበት መኪና ተብሎ ስለ ተመዘገበ ቁጥሩ ብቻውን አይመሰክርም። በ1970ና በ1971 የፕሊመዝና የዶጅ መኪናዎች ላይ አምስተኛው ምልክት «አር» የተባለው የላቲን ፊደል ከሆነ፣ መኪናው ሄሚ ሞተር ተገጥሞለት ከፋብሪካ መውጣቱን ያስረዳል።

ቀጥሎ የሞተሩ ቁጥር ይታያል። በብዙዎቹ የሞተር አካል ላይ የሻንሲው ቁጥር ከፊሉ ታትሞ ይገኛል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሞተሩ የመኪናው የራሱ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ቁጥሩ ተፍቆ እንደ ገና ሊመታ ስለሚችል የባለሙያ ዓይን ያስፈልጋል። የሻንሲ ቁጥርን መፋቅ ወይም መለወጥ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ሦስተኛው ምስክር ወረቀት ነው። ሠራተኞቹ የሚገጥሙትን እንዲያውቁ ፋብሪካው ለእያንዳንዱ መኪና ያወጣው የነበረው ዝርዝር፣ አንዳንድ ጊዜ ወንበሩ ውስጥ ወይም ከቤንዚን ታንኩ በላይ ተሸጕጦ ከ50 ዓመት በኋላ ይገኛል። ይህ ቢጠፋም ከ1967 ጀምሮ ላሉት የፎርድ መኪናዎች የማርቲ ድርጅት ከፋብሪካው መዝገብ የተገኘውን ማስረጃ በክፍያ ይሰጣል።

በመጨረሻም ላሜራው ይመረመራል። በጨርቅ የተጠቀለለ ትንሽ ማግኔት በፓራፋንጎውና በበሩ ግርጌ ሲያስጠጉት፣ ደኅና ብረት ካለ ይጣበቃል፤ ስቱኮ ካለ ይወድቃል። ያማረ ቀለም ብዙ ዝገት ሊሸፍን ይችላልና።

የአንድ ቤተሰብ መኪና

በ1968 በወጣው «ቡሊት» በተባለው ፊልም ውስጥ ስቲቭ ማክዊን በሳን ፍራንሲስኮ ዳገትና ቁልቁለት የነዳው አረንጓዴ ፎርድ ሙስታንግ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ቤተሰብ በመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ በ6,000 ዶላር ገዛው። የቤቱ እመቤት ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ትመላለስበት ነበር። በ1977 ስቲቭ ማክዊን ራሱ መኪናውን ለመግዛት ደብዳቤ ጻፈ፤ ቤተሰቡ ግን አልሸጠም። በኋላም ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ ለብዙ ዓመታት ቆመ። አባት ካረፈ በኋላ ልጁ በ2018 ለሕዝብ አሳየው፤ በጥር ወር 2020 በፍሎሪዳ አገር በኪሲሚ ከተማ በሐራጅ 3.4 ሚሊዮን ዶላር ወጣ፤ ከገዢው የሐራጅ ክፍያ ጋርም 3.74 ሚሊዮን ሆነ። መኪናው ሲሸጥ ቀለሙ አልታደሰም፤ ለፊልም መቅረጫው ማሰሪያ ተብሎ የተሠራበት ምልክትም ሳይቀር ይታይ ነበር። ቤተሰቡ መኪናውን ለማሳመር ብሎ አስጠግኖት ቢሆን ኖሮ ምስክሩን በገዛ እጁ ያጠፋ ነበር።

ሐራጁና አደጋው

ብርቱዎቹ ሐራጆች በየዓመቱ በጥር ወር በአሪዞና በስኮትስዴልና በፍሎሪዳ በኪሲሚ ይደረጋሉ። ሻጩ ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለውን ዋጋ አስቀድሞ ሊወስን ይችላል፤ ሳይወስን ካቀረበ ግን የመጨረሻው ጥሪ ምንም ያህል ቢያንስ መኪናው ይሄዳል። ገዢውም ከጠራው ዋጋ በላይ ብዙ ጊዜ ከመቶ 10 ያህል ይከፍላል። በሞቅታ እጁን የሚያነሣ ሰው ይህን ይረሳዋል።

ዋጋውም ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ አይሄድም። ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላ ብዙዎቹ እጅግ ረክሰው ነበር፤ ተበድሮ የገዛ ሰው ዕዳው ሳይቀንስ ሀብቱ ቀነሰበት። ሻጭም ይፈተናል። ጣራው የሚገለጥ፣ ሄሚ ሞተር ያለው የ1971 ፕሊመዝ ኩዳ ከዐሥራ ሁለት የማይበልጥ ሲሆን፣ አንዱ በ2014 በሲያትል 3.5 ሚሊዮን ዶላር ተሽጦአል። በ2021 ግን በኢንዲያናፖሊስ ለቀረበው ሌላ ኩዳ 4.8 ሚሊዮን ዶላር ተጠርቶ ባለቤቱ አልበቃኝም ብሎ መልሶ ወሰደው።

ይሁን እንጂ እኛን ይልቅ የሚያሳስበን ከሐራጁ ርቆ በቤት ደጃፍ የሚደረገው ሽያጭ ነው። ባሏ የሞተባት ሴት በጋራዡ ውስጥ አቧራ የለበሰ መኪና ብታገኝ፣ የመጀመሪያው ጐብኚ «ብረት ነው፤ ላንሣልሽ» ሊላት ይችላል። እንዲህ ያለው ቤተሰብ ሦስት ነገር እንዲያደርግ እንመክራለን። ሊብሬውንና አሮጌ ደረሰኞችን ሁሉ ይሰብስብ፤ መኪናውን አይቀባ፣ አይፍታ፤ ሊገዛው የማይፈልግ ገማች ሳያይለትም ዋጋ አይቊረጥ። ገዢም በበኩሉ ከግለሰብ የሚገዛ መኪና ብዙውን ጊዜ «ባለበት ሁኔታ» የሚሸጥ ስለ ሆነ፣ ከከፈለ በኋላ የሚያቀርበው አቤቱታ ደካማ መሆኑን ይወቅ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ገበያ ሐሰተኛ ቁጥር ዛሬ አንዱን ገዢ ቢያታልል፣ ነገ ያ ሰው ለመሸጥ ሲወጣ ይገለጣል፤ ጥፋቱ የሌላ ሲሆን ኪሳራው የእርሱ ይሆናል። ስለዚህ መኪናውን በትክክለኛ ስሙ ጠርቶ የሚሸጥ ሰው የሚጠብቀው የራሱን ክብር ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ የሚገዙትንም ሁሉ ነው።