ውሃ እያሳሳቀ ሲወስድ፦ የመዝናኛ ጀልባ አደጋና ኃላፊነት በአሜሪካ፣ የ50 ዓመታት ዳሰሳ

በአሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ በመዝናኛ ጀልባ ሲንሸራሸሩ ሕይወታቸውን የሚያጡት ሰዎች አብዛኞቹ ማዕበል የወሰዳቸው አይደሉም። አደጋው የሚበዛው ፀሐይ በወጣበት፣ ነፋሱ በረገበበትና ውሃው ጸጥ ባለበት ቀን ነው። አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ያሉት ይህንኑ ነው።

በ1973 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ዓመት ብቻ 1,754 ሰዎች በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሞተዋል። ከዚያ የከፋ ዓመት እስከ ዛሬ አልተመዘገበም። በ2024 ቁጥሩ ወደ 556 ወርዷል፤ የውሃ ላይ ደህንነትን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ኮስት ጋርድ ከ50 ዓመታት በላይ በያዘው መዝገብ ውስጥ ይህ ዝቅተኛው ነው። በእነዚህ ዓመታት የተመዘገቡት ጀልባዎች በእጥፍ ገደማ ጨምረው ከ11 ሚሊዮን አልፈዋል። ጀልባው እየበዛ ሟቹ ቀነሰ ማለት ነው።

ቅናሹ ከየት መጣ? ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የሰው ልጅም መዝናናትና መዘናጋትን አልለያቸውም። የዓመታቱን ሂደት ተከትዬ ስመለከተው፣ ሞት የቀነሰው ኃላፊነቱ ባለቤት ባገኘ ቁጥር ነው። ኃላፊነቱ የሁሉም ተብሎ የማንም ሳይሆን በቀረበት ቦታ ግን ያው አደጋ ተመልሶ መጥቷል።

መጀመሪያ የተጠየቀው ሠሪው ነው

ከ1971 በፊት የነበሩት ሕጎች ዓይናቸው ጀልባውን በያዘው ሰው ላይ ነበር። የ1940ው ሕግ የሕይወት ማዳኛና የእሳት ማጥፊያ እንዲያዝ አዘዘ፤ የ1958ቱ ደግሞ ጀልባዎች ተመዝግበው ቁጥር እንዲኖራቸውና አደጋ ሲደርስ ሪፖርት እንዲደረግ ደነገገ። ጀልባው ራሱ እንዴት ተሠራ፣ ስንት ሰው ይችላል፣ ውሃ ሲሞላው ምን ይሆናል የሚለውን ጥያቄ ግን የሚመልስ አልነበረም።

በነሐሴ 1971 ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የፈረሙት የጀልባ ደህንነት ሕግ ጥያቄውን ወደ ፋብሪካው አዞረው። ኮስት ጋርድ አምራቾች የሚገደዱበትን ደረጃ የማውጣት ሥልጣን አገኘ። ዛሬ በአንድ ትንሽ የሞተር ጀልባ ውስጥ መሪው አካባቢ የተለጠፈችውን ታርጋ ልብ ብሎ ያየ ሰው የዚያን ሕግ ፍሬ ያገኛል፦ የሰው ቁጥር፣ የክብደት መጠን፣ የሞተር ጉልበት፤ ከዚህ በላይ አትጫኑ ትላለች። በጀልባው አካል ውስጥ ደግሞ ከዓይን የተሰወረ አረፋ አለ። ጀልባው ውሃ ቢሞላ እንኳ ከሥር ከመስጠም ይልቅ እንደ ተንሳፈፈ ይቆይና ሰዎቹ የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። ይህ አረፋ ነጂው ይማር አይማር፣ ይጠጣ አይጠጣ አይጠይቅም፤ ሁልጊዜ ሥራውን ይሠራል። በፋብሪካ ውስጥ አንድ ጊዜ የተወሰደ ጥንቃቄ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ስሕተት የሚሸከመው በዚህ ምክንያት ነው።

ተጠያቂነቱ ወደ ሠሪው ሲዞር ምን እንደሚገለጥ የሌክ ፓወል ታሪክ በደንብ ያሳያል። በዩታና በአሪዞና ድንበር ላይ ባለው በዚህ ሐይቅ እንደ ቤት የሚታደርባቸው ትልልቅ ጀልባዎች ይዘወተራሉ። በአንዳንዶቹ የጄኔሬተሩ ጭስ የሚወጣው ከኋላ ባለው የዋናተኞች መውጫና መውረጃ መድረክ ሥር ነበር። እዚያ የሚዋኝ ሰው ሽታም ቀለምም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይተነፍስና ራሱን ስቶ ይሰምጣል፤ ለተመልካች ዋና ያቃተው ሰው ይመስላል። በ2000 ሁለት ወንድማማቾች እዚያ ከሞቱ በኋላ የፌደራል መርማሪዎች ጋዙን ለኩ፤ የቆዩ መዝገቦችም ሲገለጡ ተመሳሳይ ሞቶች ተገኙ። ኮስት ጋርድም ወደ ጀልባ ሠሪዎቹ ሄዶ እርማት አስደረገ። እስከዚያ ድረስ ጥፋቱ የዋናተኛው መስሎ ይታይ ነበር።

ተይዞ ያልተለበሰው ጃኬት

ሠሪው የድርሻውን ሲወስድ የቀረው ድርሻ የማን እንደሆነ ጎልቶ ታየ። በ2024 የሞት ምክንያታቸው ከታወቀው ውስጥ 76 በመቶው ሰጥመው ነው የሞቱት። ከሰመጡት መካከል 87 በመቶው የሕይወት አድን ጃኬት አልለበሱም ነበር። ይህ መጠን ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም።

የፌደራሉ ሕግ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የሚሆን ጃኬት በጀልባው ላይ እንዲኖር ያዛል። አዋቂው እንዲለብሰው ግን በአጠቃላይ አያስገድድም። ስለዚህ ጃኬቱ በሕግ ፊት «አለ»፤ ከወንበር ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ከገመድና ከበረዶ ማቀዝቀዣው ጀርባ። ሰው በድንገት ሲወድቅ እዚያ መሆኑ አይጠቅመውም። ከሰመጡት አብዛኞቹ ከ21 ጫማ፣ ማለትም ከ6 ሜትር ተኩል ገደማ ባነሱ ጀልባዎች የተሳፈሩ ናቸው። በእንዲህ ያለ ጀልባ ላይ አንድ ሰው ዓሣ ለመሳብ ብድግ ሲል ወይም የወደቀበትን ኮፍያ ለማንሳት ሲጎነበስ ሚዛን ይስታል።

ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የሚሆነው ደግሞ ፈጣን ነው። በመጀመሪያው ደቂቃ ሰውነት ደንግጦ ትንፋሽ ከቁጥጥር ይወጣል፤ አፍ ውሃ ውስጥ ሳለ አየር ይስባል። ትንፋሹ ቢመለስ እንኳ በ10 ደቂቃ አካባቢ ጣቶችና ክንዶች መታዘዝ ያቆማሉ። ውሃ ውስጥ ሆኖ ጃኬት ለመልበስ የሚሞክር ሰው መቆለፊያውን ማጥለቅ የሚያቅተው ለዚህ ነው። ዋና መቻል በዚህ ሰዓት ብዙም አያድንም።

ሕግ እዚህ ላይ የተራመደው ቀስ ብሎ ነው። ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ጀልባው በሚንቀሳቀስበት ጊዜ ጃኬት እንዲለብሱ የሚያስገድደው የፌደራል ደንብ የመጣው በ2002 ነው። ኒው ዮርክ ከኅዳር መባቻ እስከ ግንቦት መባቻ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት በትንንሽ ጀልባዎች ላይ አዋቂም እንዲለብስ አዛለች። ቀሪው ለሰውየው ፈቃድ የተተወ ነው። ልጁን ጃኬት አልብሶ ራሱ ሳይለብስ የሚቀመጥ አባት ጥንቃቄውን በግማሽ ትቶታል፤ ልጁ በውሃው ላይ ቢንሳፈፍ አውጥቶ ወደ ቤት የሚመልሰው ማን ነው?

መጠጥና ያልተማረ እጅ

ምክንያታቸው ከታወቀ ገዳይ አደጋዎች ውስጥ በየዓመቱ አንደኛ የሚወጣው መጠጥ ነው፤ በ2024 የ92 ሰዎች ሞት ከሱ ጋር ተያይዟል። ፀሐዩ፣ ነፋሱ፣ የሞተሩ ንዝረትና ጫጫታ ብቻውን ሰውን ያደክማል፤ መጠጥ ሲጨመርበት በየብስ ቀላል የሚመስለው ብርጭቆ ውሃ ላይ ይከብዳል። ነጂው ባይጠጣ እንኳ የሰከረ ተሳፋሪ ከጠርዝ ላይ ይወድቃል። በ2001 በደም ውስጥ ለሚገኝ አልኮል የተቀመጠው የፌደራሉ ወሰን ከ0.10 ወደ 0.08 በመቶ ዝቅ ተደርጎ ከመኪናው ጋር እኩል ሆነ። ጆርጂያ ግን ወደዚያው የወረደችው በ2013 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በሌክ ሌኒየር ልጆች የሞቱባቸው ሁለት አደጋዎች አገሩን ካስለቀሱ በኋላ።

ትምህርቱም እንዲሁ በሞት እየተጎተተ መጥቷል። በ2024 የነጂው የትምህርት ሁኔታ በታወቀባቸው አደጋዎች ከሞቱት 69 በመቶው የተሳፈሩት የጀልባ ደህንነት ትምህርት ያልወሰደ ሰው በሚነዳው ጀልባ ነበር። ብዙ ግዛቶች ግዴታውን የጣሉት በወጣቶች ላይ ብቻ ነው፤ ፍሎሪዳ ከጥር 1 ቀን 1988 ወዲህ የተወለዱትን ታስገድዳለች፣ ቀደም ብሎ የተወለደው ነፃ ነው። በኒው ዮርክ በ2005 በሁለት ጀልባዎች ግጭት የ11 ዓመት ልጅ ሞተች። እናቷ ዓመታት ከተሟገቱ በኋላ በስሟ የሚጠራው ሕግ በ2019 ጸደቀ፤ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ የሞተር ጀልባ የሚነዳ ሁሉ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ እንዲማር አስገደደ። አንዲት እናት ባለቤት ሆነችለትና ጉዳዩ ከዳር ደረሰ።

ተሳፋሪው ራሱን ማዳን የማይችልበት ቦታ

እስካሁን ያየነው ሰው በራሱ ጀልባ የሚሠራውን ነው። ትኬት ቆርጦ ለሽርሽር የሚሳፈር መንገደኛ ግን የጀልባውን ሚዛን የሚመረምርበት መንገድ የለውም። ኃላፊነት በብዙ ሰዎች መካከል ወድቆ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳዩትም የእነዚህ ጀልባዎች አደጋዎች ናቸው።

ጥቅምት 2 ቀን 2005 በኒው ዮርክ ሌክ ጆርጅ «ኢታን አለን» የተባለች የሽርሽር ጀልባ 47 አዛውንት ጎብኚዎችን እንደያዘች ተገልብጣ 20ዎቹ ሞቱ። ፈቃዷ 48 ተሳፋሪ ትችላለች ይላል። ስሌቱ የተሠራው ግን አንድ ሰው በአማካይ 140 ፓውንድ፣ ማለትም 63 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል በሚል አሮጌ ግምት ነበር። የተሳፋሪዎቹ ትክክለኛ አማካይ 178 ፓውንድ፣ ማለትም 81 ኪሎ ያህል ሆኖ ተገኘ። በላዩ ላይ የተጨመረላት የእንጨት ጣሪያ ሚዛኗን ለውጦት ሳለ ሚዛኗ እንደገና አልተፈተሸም። የብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ መርምሮ የደረሰበት መደምደሚያ ጀልባዋ መጫን የነበረባት 14 ሰው ብቻ ነው የሚል ነው። ካፒቴኑ ፈቃዱን አምኗል፣ ተቆጣጣሪው የድሮውን ስሌት አምኗል፣ ተሳፋሪው ሁሉንም አምኗል። ኮስት ጋርድ የአማካይ ክብደቱን ግምት ወደ 185 ፓውንድ ያሳደገው በ2011 ነው።

ከዚህ የሚያሳዝነው የ«ዳክ» ጀልባዎች ታሪክ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በየብስም በውሃም እንዲሄዱ ተሠርተው ኋላ ለጎብኚዎች የዋሉ ናቸው። በ1999 በአርካንሳስ ሌክ ሐሚልተን አንዱ ሰጥሞ ከ21 ሰዎች 13ቱ ሞቱ፤ ጣሪያው እንደ መረብ ይዞ አስቀርቷቸዋል። ቦርዱ ጣሪያው እንዲነሳና ጀልባዎቹ ውሃ ሲገባባቸው የሚንሳፈፉበት ብልሃት እንዲሠራላቸው መከረ። ምክሩ ሰሚ አላገኘም። ሐምሌ 19 ቀን 2018 በሚዙሪ ቴብል ሮክ ሌክ የአየር ትንበያው ብርቱ ነጎድጓድ እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ሳለ ሌላ ዳክ ጀልባ ወደ ውሃው ገብቶ ሰጠመ። ከ31 ሰዎች 17ቱ ሞቱ፤ 9ኙ የአንድ ቤተሰብ አባላት ነበሩ። ቦርዱ ከመጀመሪያው አደጋ በኋላ የሰጠው ምክር ሳይፈጸም መቅረቱን በግልጽ ወቀሰ። ጣሪያ መነሳትን የሚያስገድደው ሕግ በ2022 መጨረሻ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ በሁለቱ አደጋዎች መካከል ያለፉት 19 ዓመታት ለነዚያ 17 ሰዎች በቂ ነበሩ።

የ2020 ፈተና

የወረደው ቁጥር ሁልጊዜ እንደ ወረደ አይቆይም። በኮሮና ዘመን ሰው ቤት መዋል ሲሰለቸው ወደ ውሃው ወጣ፤ ጀልባ ገዛ፣ ተከራየ። በ2019 613 የነበረው ሞት በ2020 ወደ 767 አሻቀበ፤ ሩብ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ለጀልባ አዲስ የሆነ እጅ ሲበዛ ምን እንደሚመጣ ቁጥሩ ተናግሯል።

በተከታዩ ዓመት ሚያዝያ አንድ ትንሽ ነገር ግዴታ ሆነች፦ የሞተር ማጥፊያ ገመድ። ብዙውን ጊዜ ቀይ፣ እንደ ቤት ስልክ ገመድ የተጠቀለለች ናት። አንዱ ጫፍ ማጥፊያው ላይ ይሰካል፣ ሌላው በነጂው ጃኬት ወይም ቀበቶ ላይ ይቆለፋል። ነጂው ቢወድቅ ገመዷ ተመዝዛ ሞተሩ ይጠፋል። እሷ ባትኖር ጀልባው ያለ ሰው እየዞረ ተመልሶ የወደቀውን በሞተሩ ስለት ሊቆርጠው ይችላል። ፋብሪካው ማጥፊያውን ይገጥማል፣ ሕጉ ያዛል፣ መቆለፉ ግን የነጂው ነው፤ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም።

ለእኛም የቀረበ ጉዳይ

ሌክ ሌኒየር ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከአትላንታ የአንድ ሰዓት ያህል መንገድ ነው። በበጋ ቅዳሜና በሐምሌ 4 በዓል ጀልባ ተከራይቶ ቤተሰብና ወዳጅ ሰብስቦ መዋል የተለመደ ሆኗል፤ ብዙዎቻችን ግን ዋና ሳንማር ያደግን የደጋ ልጆች ነን። ሥጋውና መጠጡ ተጭኖ፣ የመጣው እንግዳ ሁሉ «ይግባ፣ ቦታ አይጠፋም» ሲባል፣ ታርጋዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይረሳል። ሕፃንም ከቁጥሩ ይገባል፤ ጭን ላይ መቀመጡ አያስቀረውም። የጀልባው አከራይ የጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ ሰጥቶ ሲያስፈርም መሪውን የሚይዘው ሰው በሕግ ፊት ነጂ ይሆናል። እንግዳን ሞልቶ ማስተናገድ በአገራችን ክብር ነው፤ ጀልባ ላይ ግን አንዱን «እናንተ በሁለተኛው ዙር» ማለት ነው ክብሩ። ባሕር ዳር ሆኖ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሻገርም፣ በሐዋሳ ጉማሬ ለማየት የሚሳፈርም እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች መጠየቅ መብቱ ነው፦ ስንት ሰው ትጭናለች? ጃኬቱ የት አለ? ነፋስ ከተነሳ ተመለሱ የሚለው ማን ነው?

ድርሻ በድርሻ

የ50 ዓመቱ መዝገብ የሚያስተምረው ግልጽ ነው። ሠሪው ጀልባው እንዳይሰምጥ አድርጎ ይሥራ። መንግሥት ከአደጋ በኋላ የሚሰጠውን ምክር በወራት ውስጥ ግዴታ ያድርገው፣ ከ20 ዓመት በላይ በመደርደሪያ አያስቀምጠው። አከራይና አስጎብኚ ትንበያውን አይቶ ገንዘቡን መልሶ ጉዞውን ይሰርዝ። ነጂው ይማር፣ አይጠጣ፣ ገመዱን ይቆልፍ። ተሳፋሪው ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ጃኬቱን ይልበስ፣ ያልለበሰውንም አልብሶ ይነሳ። በ2024 ከሞቱት 556 ሰዎች እጅግ ብዙዎቹን ሊያድን ይችል የነበረው የመጨረሻው፣ ከሁሉ ርካሹና ዛሬውኑ በእያንዳንዳችን እጅ ያለው ድርሻ ነው።