ጣሪያ ላይ ፈልቶ መታጠቢያ ቤት የሚቀዘቅዘው ውኃ

አዲስ አበባ ውስጥ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ያስተከሉ ቤተሰቦች ሲጠየቁ ገሚሱ ከመብራት ወጪ መገላገሉን ይናገራል፤ ገሚሱ ደግሞ ገንዘቡን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ እንደቀረ ያማርራል፡፡ ሁለቱም አንድ ዓይነት ዕቃ ከአንድ ሱቅ ገዝተው ሊሆን ይችላል፡፡ ልዩነቱን የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ ገዢው ለሠራተኛው ትቶት የሚሄደው ቧንቧ ነው፡፡

ለመኖሪያ ቤት የተለመደው ማሞቂያ ፓምፕ የለውም፡፡ ውኃ ሲሞቅ ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ስለሚከብድ ወደ ታች ይወርዳል፡፡ ታንኩ ከፀሐይ ተቀባዩ በላይ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው፡፡ ይህ ኃይል ግን እጅግ ደካማ ነው፡፡ ጠፍጣፋ መስታወት ያለው ተቀባይና ታንኩ ተነጣጥለው ሲገጠሙ፣ ሙቁን ውኃ ወደ ታንኩ የሚወስደው ቧንቧ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሽቅብ እያለ መሄድ አለበት፡፡ መሀል ላይ መልሶ ቁልቁል ካለ ጉብታው ላይ አየር ይጠራቀምና ዝውውሩን ያቆመዋል፡፡ የታንኩ ሥርም ከተቀባዩ አናት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ይመረጣል፤ አለዚያ ቀን የሞቀው ውኃ ሌሊት ወደ ኋላ እየተመለሰ ሰማዩን ሲያሞቅ ያድራል፡፡

ባለ መስታወት ቱቦው፣ ማለትም ቫክዩም ቲዩብ የሚባለው ዓይነት፣ ቱቦዎቹ በቀጥታ ታንኩ ውስጥ ስለሚሰኩ ይህ ችግር የለበትም፡፡ የእሱ ጠላት የውኃ ፈረቃ ነው፡፡ ውኃ ጠፍቶ ታንኩ ከደረቀ ባዶዎቹ ቱቦዎች በቀትር ፀሐይ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግሉ ይችላሉ፡፡ በዚያ ሰዓት ውኃ ድንገት ቢመጣ ቀዝቃዛው የጋለውን መስታወት ይሰነጥቀዋል፡፡ ስለዚህ ማሞቂያውን ከመንገድ መስመር ጋር በቀጥታ ከማገናኘት ይልቅ ከሮቶ እንዲጠጣ ማድረጉ ይሻላል፡፡ ታንኩ ከደረቀም መግቢያውን ቫልቭ ዘግቶ ማደርና ፀሐይ ሳትወጣ መሙላት ነው፡፡

እዚህ ላይ ሌላ ጣጣ ይመጣል፡፡ በብዙ ግቢዎች ሮቶው የቆመው ከጣሪያው ዝቅ ባለ ማማ ላይ በመሆኑ ውኃው በራሱ ወደ ማሞቂያው አይወጣም፡፡ ሠራተኛው ታዲያ ፓምፑን በቀጥታ ከታንኩ ጋር ያገናኘዋል፡፡ ከእነዚህ ማሞቂያዎች ብዙዎቹ ግፊት እንዲችሉ የተሠሩ አይደሉም፤ ታንኩ ያብጣል፣ መገጣጠሚያውም ያፈሳል፡፡ መፍትሔው ከማሞቂያው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ፍሎተር ያለው ትንሽ መጋቢ ታንክ ነው፡፡ የታንኩ መተንፈሻም እንፋሎት ወጣ ተብሎ ፈጽሞ መደፈን የለበትም፡፡ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በበጋ ቀን ማንም ሳይጠቀምበት የዋለ ታንክ ወደዚያ ሊጠጋ ይችላል፡፡

ይህን ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፒፒአር ቧንቧ ነው፡፡ ፒፒአር ለዓመታት ሊችል የሚገባው 70 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ የሚታገሠው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ ላዩ ላይ ፒኤን 10 የሚል የታተመበት የቀዝቃዛ ውኃ ቧንቧ በርካሽ ተገኘ ተብሎ ለሙቅ መስመር መዋል የለበትም፡፡ ለዚህ ፒኤን 20 ነው የሚፈለገው፤ ከታንኩ እንደወጣ ያሉትን የመጀመሪያ ሜትሮች በመዳብ መሥራት ደግሞ የበለጠ ያስተማምናል፡፡ ፒፒአር ሲሞቅ ይረዝማል፡፡ 10 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ቧንቧ ሙቀቱ በ50 ዲግሪ ሲጨምር እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ሊረዝም ይችላል፤ መዳብ ግን በዚሁ ልክ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፡፡ በሲሚንቶ ግጥም ተደርጎ የታሰረ መስመር መገጣጠሚያው ላይ የሚላቀቀው በዚህ ሳቢያ ነው፡፡ ጣሪያ ላይ ተጋልጦ የሚቀረው ክፍልም ፀሐይ እንዳያደርቀውና ሙቀቱ እንዳይባክን መሸፈን ይገባዋል፡፡

ስለ ርቀት ማንም አያነሳም፤ በየቀኑ የሚያስከፍለው ግን እሱ ነው፡፡ ባለ 20 ሚሊ ሜትር ፒፒአር የውስጥ ስፋቱ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው፡፡ 15 ሜትር ርዝመት ካለው ሁለት ሊትር ገደማ ውኃ ይይዛል፡፡ ሙቁ እስኪደርስ እጅ ለመታጠብ በተከፈተ ቁጥር ይህ ሁሉ ይፈሳል፡፡ ሮቶው በሳምንት ሁለት ቀን ለሚሞላለት ቤት ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ቧንቧውን በማወፈርም ችግሩ አይፈታም፤ ግፊቱ ይሻሻል ይሆናል እንጂ የሚፈሰው ይጨምራል፡፡ የሚሻለው ማሞቂያውን በተቻለ መጠን ከመታጠቢያ ቤቱ አናት ላይ ማቆም ነው፡፡

የመጨረሻው ጉዳይ ሚክሰሩ ነው፡፡ ቀዝቃዛው ውኃ ከፓምፕ ወይም ከመንገድ መስመር፣ ሙቁ ደግሞ ከጣሪያ በራሱ ክብደት የሚወርድ ከሆነ ሁለቱ ግፊታቸው አይመጣጠንም፡፡ ብርቱው ቀዝቃዛ በሚክሰሩ በኩል ወደ ሙቁ መስመር ይገባና ሽቅብ እስከ ታንኩ ይሄዳል፡፡ ጣሪያ ላይ የፈላው ውኃ መታጠቢያ ቤት ሲደርስ የሚቀዘቅዘው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው፡፡ ለመታጠቢያ ቤቱ ቀዝቃዛውንም ከዚያው ከከፍታ ታንክ ማውረድ፣ በሙቁ መስመር ላይም ቼክ ቫልቭ ማስገባት ያስፈልጋል፡፡ ሠራተኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ከመሄዱ በፊት የታንኩን መውጫ ቫልቭ ዘግቶ የሙቁን እጀታ ብቻ መክፈት ነው፡፡ ውኃ መውረዱን ካላቆመ ቀዝቃዛው በሌላ መንገድ እየገባ ነውና መሰላሉን ገና አያውርድ፡፡