ሦስተኛ ምርጫ የሆነው ሙያ

አክስቴ ታማ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሳስታምም፣ ከአጠገባችን ባለው አልጋ ላይ ከሰሜን ሸዋ በሪፈር የመጡ እናት ተኝተው ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ተረኛዋ ነርስ ካኑላቸውን ልትቀይር ስትመጣ፣ ሴትዮዋ የራሳቸውን ሕመም ትተው የልጃቸውን ነገር አነሱባት። «ሲስተርዬ፣ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ደርሷት ታለቅሳለች። ትማረው ወይስ ትተወው? መቼም አንቺ ታውቂዋለሽ።» ነርሷ ፕላስተሩን ለጥፋ እስክትጨርስ አልመለሰችም። ከዚያ «እማማ፣ እኔን አይጠይቁኝ። ልጅቷን ይላኩልኝ፤ ቀን ሳይሆን ማታ። አብራኝ ትደርና ራሷ ትወስን» ብላ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈች።

ጥያቄው አብሮኝ ከረመ። የእናትየዋ ልጅ ብቻዋን እንዳልሆነች አውቃለሁና ከተማሪዎች፣ ከመምህራንና ከነርሶች ጋር መነጋገር ጀመርኩ። ካነጋገርኳቸው ነርሶች መካከል ቅጽ ሲሞሉ ነርሲንግን አንደኛ ያደረጉት በጣም ጥቂት ናቸው። አብዛኞቹ ሕክምና ሞልተው ነጥብ ያልበቃቸው፣ ወይም ፋርማሲ ፈልገው ቦታ ያጡ ናቸው። አንዱ፣ ዛሬ ጥሩ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የሆነ ወጣት፣ «ስሜ ነርሲንግ ስር ተለጥፎ ሳየው የሌላ ሰው መስሎኝ ደጋግሜ አነበብኩት» አለኝ።

የምደባውን መንገድ አንባቢ ያውቀዋል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አንደኛው ዓመት ለሁሉም የጋራ ነው፤ ክፍል የሚመረጠው ከፍሬሽማን በኋላ፣ የሚወስነውም ውጤት ነው። ቅደም ተከተሉ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ቢለያይም ሕክምና ላይኛውን ጫፍ ይወስዳል፣ ሌሎቹ የጤና ክፍሎች ይከተላሉ፣ ነርሲንግ ብዙ ጊዜ የተረፈውን ይቀበላል። ቤተሰብም የሚመክረው በዚሁ ልክ ነው፦ ዶክተር ካልሆነች ነርስ ትሁን፤ ጤና ሥራ አያጣም። ይህ ምክር ለወላጆቻችን ዘመን ልክ ነበር። ዛሬ ግን አራት ዓመት ተምረው፣ የመውጫ ፈተናውንም የሙያ ብቃት ምዘናውንም አልፈው፣ የቅጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር የሚቆሙ ነርሶች በየከተማው አሉ። በሌላ በኩል እኔ ባስታመምኩበት ክፍል ሌሊቱን አንዲት ነርስ ከአልጋ አልጋ ትሮጥ ነበር። ሥራ ፈላጊ ነርስና ነርስ ያጣ ዋርድ በአንድ ከተማ ጎን ለጎን ይኖራሉ።

ይህን ሊያስረዱኝ ይችላሉ ያልኳቸውን አንድ የሥራ ኃላፊ ቢሯቸው ሄጄ አገኘኋቸው። ጥያቄዎቼ ሁለት ነበሩ፦ በማታ ተራ አንዲት ነርስ ስንት ሕሙማን እንድትይዝ ነው የሚታቀደው? ተመርቀው ያልተቀጠሩትስ ስንት ናቸው? ኃላፊው በትሕትና ተቀበሉኝ። ስለሚገነባ አዲስ ሕንፃ ብዙ ነገሩኝ። ወደ ጥያቄዬ ስመልሳቸው ግን «እሱ በደብዳቤ ይጠየቅና በሚመለከተው ክፍል ይታያል» አሉ። በደብዳቤም ጠየቅሁ፤ መልስ አላገኘሁም።

ስለዚህ ወደ ሌሊቷ ነርስ ተመለስኩ። ስሟ እንዳይጠቀስ አደራ ብላኛለች። ከተራ በወጣችበት ጠዋት ከሆስፒታሉ ደጅ ጀበና ቡና ቤት ተቀምጠን ሳወራት፣ ሌሎች ሰዎች በረጅሙ ያስረዱኝን እሷ በአጭሩ ነገረችኝ።

«ሰው ነርስ ማለት መርፌ ወጊ ይመስለዋል። መርፌው ትንሹ ነው። ሥራው ማየት ነው። ሐኪሙ ጠዋት ራውንድ ያደርጋል፣ ያዝዛል፣ ይሄዳል። አልጋው አጠገብ የምናድረው እኛ ነን። ሰውዬው ትናንት ሲተነፍስ የነበረው ድምፅ ዛሬ ከተለየ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ቻርቱ ላይ እጽፋለሁ፣ ለተረኛው ሐኪም እደውላለሁ፣ ካልመጣ ደግሜ እደውላለሁ። ደግሞ መደወል የምታፍር ልጅ ነርስ አትሁን።»

መድኃኒት ከመስጠቷ በፊት የምታረጋግጣቸው አምስት ነገሮች አሉ፦ ትክክለኛው ሕመምተኛ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ የሚሰጥበት መንገድና ሰዓቱ። ማንም የነርሲንግ ተማሪ ገና ትምህርቱን ሲጀምር በቃሉ ይወጣዋል። «በቃል መውጣቱማ ቀላል ነው» ትላለች። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እንቅልፍ ዓይንሽን ሲይዘው፣ ሦስት አስታማሚ በአንዴ ሲጠራሽ፣ አንዱንም ሳትዘዪ ማድረግ ነው ሥራው። ማንም አያይሽም። ብትዘዪው ላይታወቅም ይችላል።»

ደምና ሰገራ የሚያስጠላትስ ልጅ? ስል ጠየቅኳት። ብዙ ወላጅ ይህን ይፈራል። «ደምና ሰገራ ይለመዳል፤ እኔም መጀመሪያ ሳምንት ምግብ አልበላም ብዬ ነበር። ሰው የሚያስጠላት ግን አትለምደውም። ሽማግሌ ሲነጫነጭ የሚያናድዳት፣ ድሃ ሲለምን ፊቷን የምታዞር፣ እሷ ትጎዳለች፣ ሰውም ትጎዳለች።»

ሌላም የከበደ ነገር አለ። መድኃኒት ሲጠፋ «ከውጭ ግዙ» ብላ የምትናገረው ነርስ ናት፤ ያላመጣችው እጦት ስድብ ሆኖ በእሷ ላይ ይወርዳል። ሕመምተኛ ሲሞት ቱቦውን ነቅሎ፣ አካሉን አጥቦ፣ ገንዞ የሚያስወጣው ነርስ ነው፤ እጅ ታጥቦም ወደሚቀጥለው አልጋ ይኬዳል። «ለቅሶ የምንቀመጥበት ጊዜ የለንም» አለችኝ፣ ቡናዋን አስቀምጣ። ቆይታ ደግሞ በስትሮክ መጥቶ በአፍንጫው በገባ ቱቦ ብቻ ሲመገብ ስለከረመ አንድ የታክሲ ሹፌር አጫወተችኝ። ቱቦው ወጥቶ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሾርባ በአፉ የዋጠ ቀን ሚስቱ እልል ስትል ዋርዱ ሁሉ እንደተቀበላት ነገረችኝ። «ለዚያች ማንኪያ ነው ያለሁት» አለች።

ሰው ይህን ሥራ ለምን ከሐኪም በታች የተረፈ ዕጣ አድርጎ እንዳየው ልረዳ የኋላውን ሳገላብጥ፣ ያገኘሁት የምጠብቀውን አልነበረም። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም. የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞችና አስታማሚዎች አዲስ አበባ ገብተው ቁስለኛ አክመዋል። ከዚያ በኋላ በየጤና ጣቢያው የምናውቃቸው ድሬሰሮች መጡ፤ ቁስል አጥበው፣ መርፌ ወግተው፣ በየገጠሩ ዶክተር እየተባሉ ተከብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የነርስነትን ትምህርት በወጉ ተምረው ከተመረቁት ኢትዮጵያውያን ፊተኞቹ መካከል ግን የንጉሥ ልጅ አሉበት።

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ቤተሰቡ በስደት እንግሊዝ በነበረበት ጊዜ ለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርሞንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ። በ1931 ዓ.ም. ተመርቀው በጋይስ ሆስፒታልም ሥልጠናቸውን ቀጠሉ። አገራቸው ነፃ ወጥታ ሲመለሱ ያመጡት ይህንን ሙያ ነበር፤ ዕድሜ ግን አልሰጣቸውም። ከጦር መኮንኑ አቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። ነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ሲያርፉ ገና 23 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ብዙ እናቶችን ያጠፋና ዛሬም ያልተወን ሞት ነው የወሰዳቸው። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በስማቸው ሆስፒታል እንዲሠራ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ቆዩ፤ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም በ1944 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ነርሶችም ይሠለጥኑበት ጀመር። ሲልቪያ ራሳቸው በኋላ አዲስ አበባ መጥተው ኖሩ፤ ያረፉትም እዚሁ ነው፣ መቃብራቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛል። ሆስፒታሉ ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው ነው። በቀላል ባቡሩ የምዕራብ መጨረሻ በሆነው በጦር ኃይሎች ጣቢያ የሚወርደው ሰው ሁሉ በአንዲት ነርስ መታሰቢያ ደጅ ያልፋል።

በዚያው በ1940ዎቹ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል በቤተ ሳይዳ፣ በኋላ የካቲት 12 በተባለው ሆስፒታል ነርሶችን አሠልጥኗል፤ ነቀምት ላይም የስዊድን ሚሲዮን ሠልጣኞች ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. ደግሞ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አንድ ላይ ያሠለጥን ጀመር። ሦስቱ አንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ ነበር የታሰበው። በዚያ ቡድን ውስጥ ነርሷ የራሷ ሥራ ያላት ባለሙያ ነበረች። ማንኛውንም ነገር መምረጥ የምትችል ሴት የመረጠችው ሙያ፣ ምርጫ ላጡ የሚሰጥ ዕጣ የሆነው ከዚያ ወዲህ፣ በእኛው እጅ ነው።

ስለዚህ ቅጽ ፊት የተቀመጠ ወጣት ማወቅ ያለበት የጤና ሙያዎች በደመወዝና በነጥብ ብቻ እንደማይለያዩ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ የምታገኙት ናሙናውን ነው፤ ጥንቃቄና ዝምታ የሚወድ ሰው እዚያ ይደላዋል። ፋርማሲ የመድኃኒትን ባሕርይ በጥልቀት ማወቅ ነው። አዋላጅነት በአንድ ሰዓት ውስጥ ደስታንም ድንጋጤንም ያሳያል፤ ሁለት ነፍስ በእጅ ነው። አንስቴዥያ ከማሽንና ከአንድ ሕመምተኛ ትንፋሽ ጋር ተፋጦ መቀመጥ ነው። ጤና መኮንን ይመረምራል፣ ያዝዛል፣ ጤና ጣቢያም ይመራል። ነርስነት ከሁሉም የሚለየው ከሰውዬው ጋር አብሮ በመዋልና በማደር ነው። ነርሲንግ የሴት ሥራ ነው የሚለውንም አገራችን ራሷ አፍርሳዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት በዓለም ካሉት ነርሶች ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ በእኛ ዋርዶች ግን ወንድ ነርስ ብርቅ አይደለም።

ወላጆች አጥብቀው የሚጠይቁት ስለ ገንዘቡ ነው፤ መጠየቃቸውም ተገቢ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችንና የተረኝነት ክፍያችን ይስተካከል ብለው ሥራ ያቆሙበት ጊዜ እንደነበር አንባቢ አይረሳም፤ የታሰሩም ነበሩ። ከወራት በኋላ መንግሥት ከመስከረም 2018 ጀምሮ የጀማሪ ባለ ዲግሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር እንደሚያድግ አስታወቀ። የሌሊቷ ነርስ «ጭማሪው መጣ፤ የቤት ኪራዩም አብሮ መጣ» አለችኝ። የተረኝነቱ የዲዩቲ ክፍያ ባይኖር ወር እንደማይገፋላትም ነገረችኝ።

አሜሪካ ሄዶ በነርስነት የመሥራት ተስፋም የተጋነነ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. እዚያ የነርሶች መካከለኛ ዓመታዊ ገቢ 93,600 ዶላር ነበር፤ በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያም ሐበሻ ነርስ የሌለበት ሆስፒታል ማግኘት ያስቸግራል። ነገር ግን ዲግሪውን ይዞ የሄደ ሰው ትምህርቱን አስገምግሞ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና ኤንክሌክስ የተባለውን የነርስ ፈቃድ ፈተና አልፎ፣ ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ማውጣት አለበት። ይህ እስኪሆን ብዙዎች በረዳትነት አረጋውያንን እያጠቡ ይቆያሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች አንዲት የቀድሞ የጤና ጣቢያ ነርስ በስልክ «እዚህም አልጋው ያው አልጋ ነው። እዚያ የጠላሽውን ሥራ እዚህ በዶላር አትወጂውም» ብላኛለች። እነዚህ ነርሶች ትተዋት የሚሄዱት ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ካላቸው 55 አገሮች አንዷ ናት።

ሳይወዱ የገቡት ምን ይሆናሉ? አንዳንዶቹ፣ እንደዚያ የቀዶ ሕክምና ክፍል ወጣት፣ ሥራው ውስጥ ገብተው ይወዱታል። ሌሎቹ በጥቂት ዓመታት ወደ ንግድ ወይም ወደ ቢሮ ይሸሻሉ። የሚያሳዝኑኝ ሳይወዱ የሚቆዩት ናቸው፤ ፊታቸውን ሕመምተኛው ያየዋል።

መፍትሔው በጀት የሚጠይቅ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎች የፍሬሽማን ተማሪ የክፍል ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት በአቅራቢያው ባለ ሆስፒታል ጥቂት ተራ ከባለሙያ ጋር እንዲያሳልፍ ያድርጉ፤ የሕሙማኑን ክብርና ምስጢር ጠብቆ ይህን ማድረግ ይቻላል። የሚመለከታቸው ኃላፊዎችም አንዲት ነርስ በማታ ስንት ሰው እንደምትይዝና ስንት ምሩቅ ቅጥር እንደሚጠብቅ በይፋ ይናገሩ። ወላጆች ቅጹን በልጆቻችሁ እጅ አትሙሉ። ሥራውን የምትጀምሩ ወጣቶች ደግሞ መርፌ ከመጨበጣችሁ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን ሦስቱንም ጊዜ ውሰዱ። ቅጽ የምትሞሉ ልጆች፣ ሰው አጠገብ መሆን የማይከብዳችሁ፣ ማንም ሳያያችሁ በትክክል የምትሠሩ ከሆነ ግን ነርሲንግን አንደኛ አድርጋችሁ ጻፉት። ካልሆነ በሦስተኛነት አትሙሉት፤ ቦታው ለሚፈልገው ይቅር።